ስኳር የሠራው ማር

የኬሚስትሪ መምህር ጎረቤት አያጣም፤ ሰላም ግን ያጣል። ሐዋሳ በተመደብኩ ሰሞን፣ ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት፣ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ ገና ፍራሼን ሳልዘረጋ የቤቱ ባለቤት እትዬ ብርቄ አንድ ኩባያ ወተት ይዘው መጡ። የእንግዳ ደንብ መስሎኝ ተነሥቼ፣ እጅ ነሥቼ ተቀበልኩና በአንድ ትንፋሽ ጨለጥኩት። ለካ ውሃ ገብቶበት እንደሆነ እንድመረምርላቸው ኖሯል። እንዴት አገኘኸው ሲሉኝ ግሩም ነው አልኳቸው። በዚህ ምርመራ ወተት ሻጯ ነጻ ወጣች፤ እኔ ግን ተያዝኩ። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሰው ሳሙናው አረፋ እምቢ ሲለው፣ ላምባው ሲጨስበት፣ በርበሬው ከልክ በላይ ሲቀላበት «እስቲ መምህሩ ይየው» ማለት ጀመረ።

እኔም አየሁ። የማላውቀውንም አየሁ። ይባስ ብዬ በቀበሌያችን የእሑድ ውይይት ላይ ስለ ቁስ አካል ትምህርት ሲሰጥ፣ አንድ ሽማግሌ ጨው ለምን እንደሚያብለጨልጭ ጠየቁ። ያስተምር የነበረው ካድሬ ጥያቄውን ለኅብረተሰቡ አስተላለፈው። ኅብረተሰቡ ዝም አለ። እኔ ተነሣሁ። ክሪስታል ስለሚባለው ነገር ያን ቀን ያወራሁትን ያህል ክፍል ውስጥ በደሞዜ አውርቼ አላውቅም። ጥቃቅን ቅንጣቶች እንዴት እንደሚሰለፉ፣ ሰልፋቸው እንዴት እንደማይዛነፍ፣ ብርሃኑ ገጻቸው ላይ እንዴት እንደሚነጥር፣ ሁሉንም አወረድኩት። ሊቀመንበራችን ጓድ ዘለቀ ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡኝና ስሜን መዘገቡ። በዚያ ዘመን ስም የሚመዘገበው ለሽልማት እንዳልነበረ የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ የታደለ ነው።

ወሩ ነሐሴ ነው፤ ትምህርት ተዘግቷል። ሲወርድ ያደረው ዝናብ አባርቶ ቀዝቃዛ ጭጋግ ሰፈሩ ላይ ተኝቷል። እኔም ብርድ ልብሴን ተጠቅልዬ እንደ ጭጋጉ ተኝቻለሁ። በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ደምሴ የሚባለው አብዮት ጥበቃ ጠብመንጃውን አንግቶ ቆሟል።

«ጓድ ሊቀመንበሩ ሚዛንህን ይዘህ ና ብለዋል» አለኝ።

ሚዛኑ የኔ አይደለም። የትምህርት ቤቱ ነው። አንደኛው ሳህኑ ተንጋዶ ስለነበር በዕረፍቱ አቃናዋለሁ ብዬ፣ ለማንም ሳልናገር በፎጣ ጠቅልዬ ቤቴ አምጥቼዋለሁ። የመንግሥት ንብረት ወደ ግል ቤት ማሸሽ ምን እንደሚያስፈርድ እያሰላሁ፣ በዚያው ፎጣ መልሼ ጠቀለልኩት። እትዬ ብርቄ ነገሩን ከግድግዳው ወዲያ ሰምተው ኖሮ መጡ። ምንም አልጠየቁኝም። የራሳቸውን ወፍራም ጋቢ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉና «ሲሚንቶው ይበርዳል፣ ልጄ» አሉኝ። ይህን ያህል ወኔ የሚሰልብ ደግነት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

መንገዱ አጭር ነው፤ ለኔ ግን ረዘመብኝ። ከፊት እኔ ሚዛኑን እንደ ሕፃን ታቅፌ፣ ከኋላ ደምሴ። የቀበሌው ሱቅ ስኳር ገብቶለት ስለነበር ደጁ በሰው ተሞልቷል። ያኔ ስኳር በካርድ ነው፤ ለአንድ ቤተሰብ የምትደርሰውም ለሻይ ሳይሆን ለትዝታ የምትበቃ ነበረች። ሰልፈኛው ሚዛኑን አየ፤ ጠብመንጃውን አየ፤ ጋቢውን አየ። አንዷ ሴትዮ ወደ ጎረቤቷ ዞር ብላ «መምህር ነኝ ሲል ነጋዴ ኖሯል» ስትል ሰማሁ። ዘወር ብዬ ላስረዳት ስል ደምሴ በአፈሙዝ ሳይሆን በአገጩ መንገዱን አሳየኝ።

ቢሮው ውስጥ ጓድ ዘለቀ ከጠረጴዛቸው ኋላ ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው ላይ አንድ ትልቅ የዘይት ጣሳ አለ። ግድግዳውን ተደግፎ በቆመው አግዳሚ ላይ ጢማቸው የሸበተ፣ ቦቲ ጫማቸው በጭቃ የተለወሰ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። አቶ ዳንጊሶ ይባላሉ፤ የቱላ ሰው ናቸው፤ ንብ ያነባሉ። ማለዳ ጣሳውን በጋሪ ጭነው ፒያሳ ላለ አንድ ኬክ ቤት ሊያስረክቡ ሲሄዱ ጥበቃዎች አስቁመው ክዳኑን አስከፈቷቸው። ውስጡ ያለው ማር ነጣ ብሎ፣ ጠጥሮ፣ ማንኪያ ቢተክሉበት የሚያቆም ሆኖ ተገኘ።

ጓድ ዘለቀ ጉዳዩን በአጭሩ ገለጹልኝ። ሰውየው የኅብረተሰቡን ስኳር ከማር ጋር ደባልቆ ሊሸጥ ሲል እጅ ከፍንጅ ተይዟል፤ ይህም የኢኮኖሚ አሻጥር ነው። አሻጥር የሚለው ቃል ያኔ እንደ ዛሬው የቀልድ ማጣፈጫ አልነበረም። በዚያች ቃል ተከሶ ወደ ላይ የተላለፈ ሰው መቼ እንደሚመለስ ቤተሰቡ አይጠይቅም ነበር፤ መጠየቁ ራሱ ያስጠይቃልና።

እኔ ግን፣ እግዜር ይይልኝ፣ በዚያች ሰዓት የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የተጠራሁት ስለ ሚዛኑ አይደለም። ደስታዬ ምላሴን ፈታው። ጣቴን ነከር አድርጌ ቀመስኩ። ማር ነው፤ ለዚያውም ደህና ማር። ብርድ ሲያገኘው እንዲህ መጠጠር ልማዱ ነው። እኔ ባደግኩበት አገር ደግሞ ማር እንዲህ ሲሆን የሚባለው አንድ አባባል አለ፤ እሱኑ ሳላላምጥ ተናገርኩት።

«ይኼማ ምንም አይደል፣ ጓድ ሊቀመንበር። ማሩ ስኳር ሠርቶ ነው።»

ጥግ ላይ የተቀመጠው የቀበሌው ጸሐፊ ብዕሩን ሲያንቀሳቅስ ሰማሁ። የጻፈውን ጮክ ብሎ አነበበው፤ ስኳር መሆኑን ባለሙያው አረጋግጧል። ተደናግጬ ላርመው ሞከርኩ። ስኳሩ ከውጭ የመጣ ሳይሆን ከራሱ ከማሩ የወጣ ነው አልኩ። ጓድ ዘለቀ እጃቸውን አነሡና ስኳር አለበት ወይስ የለበትም ብለው ጠየቁኝ። አለበት፣ ግን፣ ስል ወደ ጸሐፊው ዞረው «ግንን አትጻፍ» አሉት።

አቶ ዳንጊሶ ይህን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ። ድምፃቸው የተረጋጋ ነው፤ አማርኛው ሁለተኛ ቋንቋቸው ስለሆነ ቃሉን አንድ በአንድ እየመረጡ ያስቀምጡታል። «ጓድ፣ የኔ ንቦች ካርድ የላቸውም። ስኳር ከየት ያመጣሉ?» አሉ። ሳቄ መጣ፤ የጓድ ዘለቀን ፊት ሳይ መልሼ ዋጥኩት፤ ሲወርድ አነቀኝ።

ሊቀመንበሩ ቀጥሎ የፈለጉት ቁጥር ነው። ከማሩ ውስጥ ስኳር የሆነው ስንት በመቶው ነው? ለዚህም ነው ሚዛን ይዤ እንድመጣ የተደረገው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ግን አይደለም። የጠጠረ ማር ሁለመናው ክሪስታል አይደለም። ከፊሉ ሥርዓት ይዞ ተሰልፏል፤ ከፊሉ እንደልቡ ይዋኛል፤ ከፊሉ ደግሞ ልሰለፍ አልሰለፍ እያለ መካከል ላይ ያመነታል። ይህን እንዴት እንደማስረዳ ሳስብ ዓይኔ በመስኮቱ ወደ ሱቁ ደጅ ሄደ። ከበሩ አጠገብ ያሉት ሴቶች ቀጥ ብለው ተሰልፈዋል። ወደ ኋላ ሲኬድ ሰልፉ ይወፍራል፤ ጫፉ ላይ ሰልፍ ይሁን ገበያ አይለይም። ይኸው፣ ጓድ ሊቀመንበር፣ አልኩና በጣቴ አሳየኋቸው፤ የዚህ ሕዝብ ስንት በመቶው ነው የተሰለፈው ቢሉኝ፣ ሰልፍ የሚሉት ምኑን እንደሆነ አስቀድመው ሊነግሩኝ ይገባል። ጓድ ዘለቀ በመስኮቱ አሻግረው አዩ። ፊታቸው ጠቆረ። ደምሴን ጠሩና «ውጣና ሰልፉን አስተካክል» አሉት።

ቁጥሩ ግን አልቀረልኝም። ከእርዳታ መስጫው ሻሽ ተልኮ መጣ። ከማሩ ጥቂት መዘንኩ፣ በሻሹ ቋጠርኩ፣ ፈሳሹ እስኪወርድ ጨመቅኩ፣ ጨርቁ ላይ የቀረውን ልመዝን ሆነ። ችግሩ የት ላይ እንደማቆም ነው። ጠበቅ አድርጌ ስጨምቅ የሚቀረው ያንሳል፤ ላላ ሳደርገው ይበዛል። እየጨመቅኩ ሳለሁ ጓድ ዘለቀ «በቃ» አሉ። በቃ። እንግዲህ በዚያ ቀን የክሪስታል ትርጉም ሊቀመንበሩ በቃ ሲሉ ሻሽ ላይ የተገኘ ነገር ማለት ሆነ። መዘንኩት።

«ስልሳ በመቶ» አልኩ።

ቁጥር መናገር ደስ ይላል። ክፉ ቁጥር እንኳ ቢሆን ከአፍ ሲወጣ ሰውን ያኮራል። ወዲያው ግን አቶ ዳንጊሶ ዞረው አዩኝ። ክፉ አስተያየት አይደለም፤ ሰው መንገድ ላይ ወድቆ ያገኘውን የማያውቀውን ዕቃ እንደሚያይ ነው ያዩኝ። ኩራቴ እዚያው ከሰመ።

ጓድ ዘለቀ ነገሩን ከበላይ ሰው ጋር ሊጨርሱት ከቀበሌዎች በላይ ወዳለው ከፍተኛ ጽሕፈት ቤት ላኩ። ከሰዓት በኋላ ጓድ ሰናይት የሚባሉ አጭር፣ መነጽር ያደረጉ ሴት መጡ። ጓድ ሰናይት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲናገሩ የሰማ የለም፤ ሰው ግን ከጓድ ዘለቀ ጩኸት ይልቅ የሳቸውን ዝምታ ይፈራ ነበር። ወረቀቱን አነበቡና ልኬቱ በፊታቸው እንዲደገም አዘዙ። በደስታ ነው የተነሣሁት፤ ሳይንስ ሲደገም አይፈራም ብዬ።

ልብ ያላልኩት ነገር፣ ረፋዱ ላይ ጭጋጉ ተገልጦ ፀሐይ ወጥታለች። ጣሳው መስኮቱ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ፣ ከጋለው ቆርቆሮ ጣራ በታች ሲሞቅ ውሏል። በዚያ ላይ ለጉዳይ የገባው ሁሉ «ለማረጋገጥ» እያለ ጣቱን ሲነክርበት ነበር፤ አንዳንዱ ሁለት ጊዜ አረጋግጧል። መዘንኩ፣ ቋጠርኩ፣ ጨመቅኩ። ጓድ ሰናይት በቃ የማይሉ ሴት ስለሆኑ መጭመቁን ቀጠልኩ። ሲያልቅ ሠላሳ ሆነ።



«ግማሹ ስኳር የት ገባ?» አሉ ጓድ ዘለቀ።

ሁሉም ወደኔ ዞረ። ለምሳ ሲወጡ ሚዛኑን ትቼ አልሄድም ብዬ ከማሩ ጋር ብቻዬን የቀረሁት እኔ ነኝ። ይህ ትዝ ሲለኝ እጄን ወደ አፌ አነሣሁ፤ ጢሜ ላይ ማር ነበር። ስኳሩ አልጠፋም፣ ሙቀት ሲያገኘው ሰልፉን አፍርሶ ወደ ፈሳሹ ተመልሶ ነው ብዬ አስረዳሁ። አላመኑኝም። እንግዲያው ጣሳው ሙቅ ውሃ ውስጥ ይቀመጥ፣ ያን ጊዜ ሁሉም ጠርቶ ይታያል አልኩ። ጓድ ዘለቀ ቀስ ብለው ብድግ አሉ። «ማስረጃውን በሙሉ ላሟሟው ነው የምትለው?» አሉኝ። እውነቴን ነው፣ ከሳቸው አንጻር ሳየው ሐሳቡ መልካም አልነበረም። ጓድ ሰናይት መነጽራቸውን ጠረጉ፤ ነገ ጠዋት እንደሚመለሱ ተናገሩ፤ እስከዚያው ሁለቱም ይቆዩ አሉ። ሁለቱም የተባልነው እኔና አቶ ዳንጊሶ ነን።

የገባንበት ክፍል ከሱቁ በስተኋላ ያለ መጋዘን ነው፤ ባዶ የስኳር ጆንያ ተከምሮበታል። ስኳር ያለ ካርድ እንደ ልቤ ያሸተትኩት ያኔ ብቻ ነው። ሲሚንቶው እትዬ ብርቄ እንዳሉት ይበርዳል። ጋቢውን ለአቶ ዳንጊሶ ሰጠሁ፤ እሳቸው ግማሹን መለሱልኝና ትከሻ ለትከሻ ተቀመጥን። ስልሳው እንዴት ሠላሳ እንደሆነ ጠየቁኝ። ስለ ሻሹ፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ አጨማመቁ ረጅም ማብራሪያ ሰጠኋቸው። እስክጨርስ ጠበቁኝና ዝም አሉ። መምህር ሆኜ እንደዚያ ያለ ዝምታ የማውቀው ከኋላ ወንበር ተማሪዎች ነው።

አመሻሹ ላይ ባለቤታቸው ነገሩን ሰምተው ከቱላ ድረስ መጥተው ኖሮ፣ ደምሴ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ አስገባልን፤ ከሳቸው የተላከ ቃልም ለአቶ ዳንጊሶ በጆሯቸው ነገራቸው። የመጣው ለአንድ ሰው ነው። አቶ ዳንጊሶ እኩል ከፈሉት፤ እንዲያውም በኔ በኩል ያለው ይበልጥ ነበር። ከመብላታቸው በፊት ዓይናቸውን ጨፍነው በሲዳምኛ ጸለዩ። ረጅም ጸሎት ነው። እኔ ከውስጡ የሰማኋት ቃል አንዲት ብቻ ናት፤ «መምህር» የምትለዋ። ስለኔ ይጸልዩ በኔ ላይ ይጸልዩ ለመጠየቅ ድፍረቱ አልነበረኝም። ቆጮውን ግን በላሁ።

ስለ ሌሊቱ ምንም አልልም። እንቅልፍ የሌለበት ነገር ለወግ አይመችም።

ጠዋት ወደ ቢሮው ስንገባ ዝናቡ ተመልሶ መጥቷል። ደጅ አንድ መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል። ጉዳዩ ወደ ላይ ከተላለፈ ማንን ጭኖ እንደሚሄድ የሚጠይቅ አልነበረም። አቶ ዳንጊሶ መኪናውን አዩት፤ ከዚያ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው አጥብቀው ያዙ። 

ጓድ ዘለቀ ቆመው አስረዱ። እኔ ባለሙያ ተብዬ ስልሳና ሠላሳ እያልኩ ኅብረተሰቡን እንዳደናገርኩ፣ ምናልባትም ከሰውየው ጋር እንደተመሳጠርኩ ገለጹ። በመጨረሻም ምን ዓይነት ማር ንጹሕ እንደሆነ ለማወቅ ኬሚስትሪ እንደማያስፈልግ ተናገሩ። እሳቸው የማር አገር ልጅ ናቸው። እናታቸው ከጎጃም በየዓመቱ ማር ይልኩላቸዋል፤ ያ ማር እንደ ጠበል የጠራ፣ አንድም ቀን ነጠብጣብ ታይቶበት የማያውቅ ነው። የዘንድሮው እንኳ ክዳኑ ሳይከፈት ለእንግዳ ብለው አስቀምጠውታል።

«እንግዲያው ይምጣና እናወዳድረው» አሉ ጓድ ሰናይት።

ጓድ ዘለቀ ቅር አላላቸውም። ደምሴን ወደ ቤታቸው ላኩት። እሱ እስኪመለስ ያለው ጊዜ እንደ ጎማ ተለጠጠብኝ። የማስበው አንድ ነገር ነው። ማር ሁሉ አይጠጥርም። አበባው ይለያያል፤ ዓመት ሙሉ ጠርቶ የሚቀመጥም አለ። ያ ጣሳ ተከፍቶ ጥርት ያለ ከሆነ አቶ ዳንጊሶ አለቀላቸው፤ እኔም ከጎናቸው ነኝ። በሕይወቴ ስለ ሰው ቤት ቁምሳጥን ቅዝቃዜ የጸለይኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ጓድ ዘለቀ በጣታቸው ጠረጴዛውን እየመቱ አንድ የሰልፍ ዜማ ያንጎራጉራሉ።

ደምሴ ዝናብ እየወረደበት ጣሳውን ይዞ ገባ። ጓድ ዘለቀ ከኪሳቸው ሰንጢ አውጥተው ክዳኑን በራሳቸው እጅ ፈልቅቀው አነሡት። እኔ ካለሁበት ውስጡ አይታየኝም። የማሩን ሁኔታ ያነበብኩት ከፊታቸው ነው። መጀመሪያ ፈገግታው ቆመ። ከዚያ ቅንድባቸው። ከዚያ ክዳኑን ቀስ አድርገው መልሰው ሊያስቀምጡት ሲሉ ጓድ ሰናይት እጃቸውን ዘርግተው ጣሳውን ወደ ራሳቸው ጎተቱት።

ማሩ እንደ ጠመኔ ነጥቷል።

ጓድ ዘለቀ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ይኼ እኮ አናቱ ብቻ ነው አሉ። በሰንጢው ወጋ ሲያደርጉት ከሥሩ ፈሳሽ አለ፤ ፈሳሹ ግን ራሱ ደብዝዟል። ይኼ ጉም ነው እንጂ ጠጣር አይባልም አሉ። ቀጥለውም ማር ብርድ ሲያገኘው እንዲህ መሆኑ ያለ ነው፣ የተፈጥሮ ጠባዩ ነው አሉ። ይህን ከማን እንደሰሙት ላስታውሳቸው ፈልጌ ምላሴን ነከስኩ። ጓድ ሰናይት ሻሹን አንሥተው ሰጡኝ።

መዘንኩ። ቋጠርኩ። ጓድ ዘለቀ ከጎኔ መጥተው ቆሙ፤ ትንፋሻቸው ጆሮዬ ላይ ነው። ጠበቅ አድርገህ ጭመቅ አሉኝ። ጠበቅ አደረግኩ። አሁንም ጨምር አሉ። እጄ እስኪዝል ጨመቅኩ፤ ትናንት በቃ ያሉት ሰው ዛሬ በቃ የሚለው ቃል ጠፍቶባቸዋል። ጨርቁ ላይ የቀረው ሁሉ ስኳር አይደለም፣ የተጣበቀበት ፈሳሽም አለ አሉ። ደቃቁ ደግሞ በሻሹ ቀዳዳ ያመልጣል አሉ። በመጨረሻም የክፍሉ ሙቀትም መታሰብ አለበት አሉ። እኔ ትናንት ግማሽ ቀን ለምኜ ያላሳመንኳቸውን ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ እሳቸው በእናታቸው ማር አጠገብ ቆመው በራሳቸው ደረሱበት። ትንሽ ጊዜ ቢሰጣቸው ኖሮ ሳይንሱን ጨርሰውት ነበር።

ሻሹን ሚዛኑ ላይ አስቀመጥኩ። ሚዛኑ ቆመ። የቀረው ከአቶ ዳንጊሶ የመጀመሪያ ልኬት ይበልጣል፤ በብዙ ይበልጣል። ቁጥሩን ማንበብ የምችለው እኔ ብቻ ነኝ።

«ስንት ሆነ?» አሉኝ ጓድ ሰናይት።

አንባቢዬ ሆይ፣ እኔ ቦታ ላይ ራስህን አቁመው። እውነቱን ብናገር የቀበሌው ሊቀመንበር እናት አሻጥረኛ ናቸው፤ እኔም ከዚህ ሰውዬ ጋር በአንድ ሰፈር እኖራለሁ። ቁጥሩን ቀነስ ባደርገው ደጅ የቆመው መኪና ሽማግሌውን ይዞ ይሄዳል። ዓይኔን ወደ አግዳሚው ወረወርኩ። አቶ ዳንጊሶ እኔን አያዩም፤ በመስኮቱ መኪናውን ነው የሚያዩት። 

«ጨርቁ ላይ የቀረው ከትናንቱ ይበልጣል» አልኩ። «ስንት በመቶው ክሪስታል እንደሆነ ግን አላውቅም።»

«ትናንትስ ታውቅ ነበር?»

«አላውቅም ነበር።»

«ታዲያ ስልሳው ከየት መጣ?»

«ከእጄ ጉልበት» አልኩ።

ጸሐፊው ብዕሩን አነሣና መልሶ አስቀመጠው። ጓድ ሰናይት ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ስታሰር ጋቢው ለማን እንደሚመለስ ማሰብ ጀምሬ ነበር። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ሊቀመንበሩ ዞሩ።

«ጓድ ዘለቀ፣ እናትዎን እናስመጣቸው ወይስ ሽማግሌውን እንልቀቃቸው?»

ጓድ ዘለቀ የእናታቸውን ጣሳ ከደኑ። በመዳፋቸው ዙሪያውን ተጫኑት፤ እንደገናም ተጫኑት። ያን ጊዜ ሊቀመንበር አይመስሉም ነበር፤ ከቤት የተላከለትን ስንቅ ሰው ፊት የከፈተ ተማሪ ነው የሚመስሉት። «ማር ነው» አሉ። ቆየት ብለው «ሁለቱም ማር ነው» አሉ።

ጸሐፊው ይህንኑ ጻፈ። ከደጅ የነበረው መኪና ባዶውን ሄደ። ጓድ ሰናይት ሲወጡ አጠገቤ ቆም አሉና ሚዛኑን ዛሬውኑ ወደ ትምህርት ቤቱ እንድመልስ ነገሩኝ። ከየት እንዳወቁት እግዜር ይወቅ። ወደ ውጭ ስወጣ እግሬ መሬቱን የሚረግጠው አይመስልም ነበር።

የአቶ ዳንጊሶን ጣሳ እስከ ጋሪ ማቆሚያው እኔ ተሸከምኩላቸው። በአረጋጋጮቹ ብዛት በጣም ቀሎ ነበር። መንገዱን በሙሉ አወራሁ፤ ይቅርታ ጠየቅኩ፣ ነገሩን አብራራሁ፣ እንደገና ይቅርታ ጠየቅኩ። እሳቸው ባርኔጣቸውን አድርገው በዝምታ ይራመዳሉ። ጋሪው ጋ ስንደርስ ጣሳውን ተቀብለው አስቀመጡ፤ ወጥተው ተቀመጡ፤ ከዚያ ጠጋ ብለው ከጎናቸው ቦታ ለቀቁልኝ።

«ውጣ» አሉኝ። «ባለቤቴ ስልሳ ያለውን ሰውዬ ይዘህ ና ብላለች።»

ለምን እንደፈለጉኝ ጠየቅኳቸው። ደርሰህ ታየዋለህ አሉ። ሚዛኑን ታቅፌ ወጣሁ። ጋሪው በጭቃው ላይ እየተንገጫገጨ ወደ ቱላ ሲወርድ፣ ፊታቸውን በጎን እየሰረቅኩ ስንቱ ሳቅ፣ ስንቱ ቁጣ እንደሆነ ለመለየት ሞከርኩ። ከጢማቸው በላይ ያለው የተቆጣ ይመስላል። ከጢማቸው በታች ያለውን ጢሙ ሸፍኖታል። አንድ ጊዜ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ያየሁ መስሎኝ ነበር፤ ግን ጋሪውም ይንቀጠቀጥ ነበር።

ቤታቸው ደጃፍ ስንደርስ አንዲት ሴትዮ በአንድ እጃቸው ወገባቸውን፣ በሌላው ትልቅ የእንጨት ማማሰያ ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ከኋላቸው የወጥ ሽታ ይመጣል። ማማሰያው ለወጡ ይሁን ለኔ ከጋሪው እስክወርድ ድረስ አልለየልኝም። በኋላ እንደታየው፣ ለሁለቱም ነበር።